ፍሪሲዮኑ ሲከብድ፦ የድሮ ሞተር ሳይክል ሊቨርና ካቮ እንዴት ይስተካከላል?

የግራ እጄ ጣቶች መደንዘዝ የጀመሩት ኖርተን ኮማንዶዬን በያዝኩ በሦስተኛው ወር ነው። የ1972 ሥሪት የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነው፣ ባለ 750 ሲሲ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ማርሹም ጥሩ ይገባል። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ክፍል፣ ግን ድንጋይ ነበር። መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ክርኔ ይነድደኛል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «የድሮ ሞተር ነው፣ ተፈጥሮው ነው፣ ትለምደዋለህ።»

አልለመድኩትም። ዛሬ የፍሪሲዮኑን ሊቨር፣ መሪው ላይ በግራ እጅ የሚሳበውን እጀታ፣ በሁለት ጣት እይዘዋለሁ፤ የፍሪሲዮኑን ሞላ ግን አልነካሁትም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ፍሪሲዮን ሲከብድ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞላውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እሱ ጋ አይደለም። ከጣታችሁ እስከ ዲስኮው ባለው መንገድ ላይ ጉልበታችሁ በየቦታው እየተበላ ነው።

ኮማንዶ በዚህ በኩል ጠቅሞኛል። ዲስኮቹን የሚጫነው አንድ ክብ፣ እንደ ሳህን የጎበጠ ሞላ ነው። በሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ እንዳለው በዳዶ የሚጠብቁና የሚላሉ ትናንሽ ሞላዎች የሉትም። ስለዚህ ማላላት ብፈልግም አልችልም ነበር። የእናንተ ሞተር ባለ ትናንሽ ሞላ ከሆነ ፈተናው ይበረታል። እባካችሁ አታላሉ። የላላ ሞላ ለሁለት ቀን እጅ ያሳርፋል፣ ከዚያ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተትና የዲስኮቹ ሸራ ይቃጠላል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ

ካቮውን፣ ማለትም ከሊቨሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን በሽፋን ውስጥ ያለ ሽቦ፣ ከታች፣ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ፍቱት። የላይኛው ጫፍ ሊቨሩ ላይ ይቆይ። አሁን ሊቨሩን ያዙት፣ ልቀቁት። ከፍሪሲዮኑ ጋር ስላልተገናኘ ሊከብድ አይገባም። ከከበደ፣ ሲጥ ሲጥ ካለ ወይም መሃል ላይ ያዝ ካደረገ ጥፋቱ ከላይ ነው።

ቀጥሎ ካቮውን ከሊቨሩም አውጡት። ባዶው ሊቨር ወዲያና ወዲህ ሲሉት ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። ካቮውን መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙና የውስጡን ሽቦ በሁለት ጣት ሳቡት፣ ግፉት። ያለ ምንም ሻካራነት መንሸራተት አለበት። መጨረሻ ላይ ካምቢዮው ላይ ያለውን ክንድ በእጅ አንቀሳቅሱት። ሞላውን እስኪያገኝ ድረስ ያለችው ትንሽ ጉዞ ልል መሆን አለባት።

እኔ ሦስቱም ጋ ትንሽ ትንሽ ጥፋት አገኘሁ። አንዱም ብቻውን ፍሪሲዮኑን ድንጋይ አያደርገውም። ተደምረው ነው እጄን የጎዱት።

ሊቨሩ

ሊቨር መቀየር ካስፈለጋችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ልክ ውሰዱ። አንደኛው የመሪው ቱቦ ውፍረት ነው። በድሮ ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኙት 22.2 ሚሊሜትር እና 25.4 ሚሊሜትር ናቸው፤ በኢንች ሰባት ስምንተኛና አንድ ሙሉ ማለት ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን የሚታወቀው በአንድ ኢንቹ ነው። የእንግሊዞቹ እንደ ዘመኑና እንደ ፋብሪካው ይለያያሉ። ስለዚህ በዓይን አትገምቱ፣ በካሊፐር ለኩ። ሊቨሩን መሪው ላይ የሚይዘውን ጠባብ ማቀፊያ ወፍራም ቱቦ ላይ ለማስገባት በካቻቢቴ ፈልቅቆ የሰነጠቀ ሰው አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ልክ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔም አላውቀውም ነበር። ሊቨሩ የሚዞርበት ብሎን መሃልና የካቮው ራስ (ሽቦው ጫፍ ላይ የተበየደው ትንሽ ብረት) የሚቀመጥበት ቀዳዳ መሃል ምን ያህል ይራራቃሉ? በእንግሊዝ ሞተሮች ላይ የተለመዱት ሊቨሮች፣ የአማል ሥሪትም ሆኑ የዶኸርቲ፣ በሁለት ልክ ይገኛሉ፦ 22.2 ሚሊሜትር እና 27 ሚሊሜትር። ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። እጅ ላይ ግን አንድ አይደሉም። የ27ቱ ካቮውን አርቆ ይስባል፣ ይከብዳል። የ22.2ቱ ካቮውን በትንሹ ይስባል፣ ይቀላል። የጉልበቱ ልዩነት 18 በመቶ ገደማ ነው። አምስት ሚሊሜትር እንኳ ከማትሞላ ርቀት የሚገኝ ነው ይሄ።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አጭሩን አይገጥምም? ካቮው የሚሄደው ርቀትም በዚያው 18 በመቶ ስለሚቀንስ ነው። ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልተስተካከለ ዲስኮቹ ሙሉ በሙሉ አይላቀቁም። ማርሽ ስታስገቡ ይንኳኳል፣ ቆማችሁ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ የሊቨር ለውጥ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ሌላውን ሁሉ አስተካክላችሁ አሁንም ከከበደ ያኔ ወደ 22.2ቱ ሂዱ። እኔም እንደዚያ አደረግኩ።

የያዛችሁት ሊቨር ጤነኛ መሆኑን ለማየት ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽ ቢንቀሳቀስ ችግር የለም። ብዙ ከተንጋደደ የብሎኑ ቀዳዳ እንቁላል ቅርጽ ይዟል። ሲጎተት ይጣመማል፣ ከማቀፊያው ጋር ይፋተጋል። ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ማስገባት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ቶርኖ ያለው ሰው በቀላሉ ይሠራዋል። ብሎኑ ላይ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ብሎኑን አጥብቁ፣ ሊቨሩ ከያዘ ሩብ ዙር መልሱ፣ ከዚያ ብሎኑን በካቻቢቴ ይዛችሁ የታችኛውን ዳዶ አጥብቁ። የኔ ሊቨር ጥፋት ይሄ ብቻ ነበር። ብሎኑ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሊቨሩን አንቆት ነበር።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የካቮው ራስ ሊቨሩ ውስጥ መዞር አለበት። ሊቨሩ ሲሳብ አቅጣጫውን ይቀይራል። ራሱ አብሮ ካልዞረ ሽቦው ከራሱ ሥር ይታጠፋል። በእያንዳንዱ ማርሽ አንዴ፣ በቀን መቶ ጊዜ። የፍሪሲዮን ካቮ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን በጨርቅ ጥረጉ፣ የተቦረቦረና የሾለ ጠርዝ ካለ በቀጭን ሞረድ አለስልሱ፣ ራሱን ግራሶ ቀቡና በጣት አዙሩት። ካልዞረ አትግጠሙት።

አቀማመጡን ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ወስኑ። እጃችሁን በተለመደው ሁኔታ መሪው ላይ አድርጉ፣ ጣታችሁን ዘርጉ። ሊቨሩ ከክንዳችሁ ጋር በአንድ መስመር ላይ መዋል አለበት። የእጅ አንጓ ወደ ላይ ከተሰበረ ቀላል ፍሪሲዮን ራሱ ይከብዳል። ማቀፊያውን ግን ሞተሩ ሲወድቅ ዞር ማለት እስኪችል ድረስ ብቻ አጥብቁት። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ሊቨር መሬት ሲመታ ይሰበራል። ጫፉ ኳስ ያለው ምረጡ። የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ ኳሱ ከ16 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል፤ ቀጭን ጫፍ ሰው ሲወድቅ ይወጋል።

ካቮው

ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ጉልበት እንዲያስተላልፍ የሚያደርገው ዘዴ በእንግሊዝኛ በቦውደን ስም የሚጠራው፣ ኧርነስት ቦውደን በ1896 የፈጠራ መብቱን ስላስመዘገበ ነው። አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ሽቦው ይሳባል፣ ሽፋኑ ደግሞ ይገፋል። ሰው ሽቦውን ብቻ ነው የሚያየው። ሽፋኑ የተጨፈለቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ ከማረፊያው የወጣ ከሆነ ግን አዲስ ሽቦም አይረዳችሁም። ሊቨሩን ስትስቡ ሽፋኑ ራሱ ይኮማተራል፣ ጉዞው እዚያ ያልቃል።

መንገዱን ተመልከቱ። ካቮን የሚያከብደው ርዝመቱ ሳይሆን ጠቅላላ የታጠፈበት መጠን ነው። ሁለት ቦታ ላይ በጠባቡ የተጠመዘዘ አጭር ካቮ፣ ሰፋ ብሎ ከሚዞር ረጅም ካቮ ይከብዳል። የኔው በታንኩ ሥር ገብቶ፣ ቻሲው ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር። ማሰሪያውን በጠስኩት። ካቮው ራሱ ሰፊ መንገዱን አገኘ። እሱ ብቻ ምን ያህል እንዳቀለለልኝ አሁንም ይገርመኛል። ከሲሊንደሩና ከጭስ ማውጫው ግን አርቁት፤ ሙቀት ሽፋኑን ያቀልጠዋል። ሲጨርሱ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። የሊቨሩ ልልነት በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ዘይት ማጠጣት ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ካቮውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። የፌስታል ጥግ ቆርጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ በላይኛው ጫፍ ላይ በፕላስተር እሰሩ። ቀጭን ዘይት ጨምሩበትና እደሩ። ጠዋት ከታች ዘይት ጠብ ጠብ ካለ ደርሷል። መጀመሪያ የሚወርደው ዘይት ጥቁር ከሆነ እስኪጠራ ድረስ ድገሙት። በውስጡ የናይለን ወይም የቴፍሎን ሽፋን ያለው አዲስ ካቮ ከሆነ ግን ግራሶ አታስገቡበት። ወፍራም ቅባት ውስጡን ይዘጋዋል።

ራሱን መበየድ

ለድሮ ሞተር ልኩን የጠበቀ ካቮ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ራሱን በእጅ መበየድ ተማሩ። ከባድ አይደለም፣ ግን ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ሽቦውን ከመቁረጣችሁ በፊት የምትቆርጡበትን ቦታ ሊድ (በካውያ የሚቀልጥ መበየጃ) አልብሱት። እንደዚያ ካልሆነ ጭረቶቹ (የተገመዱት ቀጫጭን ሽቦዎች) ይበተናሉ፣ ሽፋኑ ውስጥም አይገቡም። ከዚያ ሽፋኑን፣ የጫፍ ቆቦቹን፣ የሬጂስትሮ (የማስተካከያ) ብሎኑንና የጎማ ቆቡን በሙሉ ሽቦው ላይ አስገቡ። ሁሉንም አስገባችሁ? ድጋሚ ቁጠሩ። ከተበየደ በኋላ አይገቡም።

አሁን ራሱን አስገቡ። የራሱ አንድ ወገን ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ነው፤ ያ ወገን ወደ ውጭ ይሁን። ከራሱ አልፎ የወጣውን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ሽቦ ጭረቶቹን እንደ መጥረጊያ በትኗቸው፣ መልሳችሁ ወደ ጎድጓዳው ሳቧቸው። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሊዱ ጭረቶቹን በተበተኑበት ይዞ እንደ ሽብልቅ ያደርጋቸዋል። ሳይበተን የተበየደ ራስ አንድ ቀን ይሾልካል፤ የሚሾልከው ደግሞ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው።

ቅባቱን በደንብ አጥቡ፣ የብየዳ አሲድ ቀቡ፣ በወፍራም ካውያ አሙቁና ሊዱን አጠጡት። 60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ ያለው ሊድ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል። ይህ ሙቀት ሽቦውን አይጎዳውም። በጋዝ ነበልባልና በብር ብየዳ ግን አትሞክሩ። እሱ ከ600 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል፤ ሽቦውን ያለሰልሰዋል፣ ከራሱ አጠገብም ይበጠሳል። ሊዱ በራሱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አሲዱን በሶዳ ውኃ አጥባችሁ ሽቦውን ዘይት ቀቡ፣ አለዚያ በውስጥ ይዝጋል። ትርፉን በሞረድ አስተካክሉ።

ሞተሩ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ፈትኑት። ራሱን በሞርሳ ላይ በተያዘ አሮጌ ሊቨር ውስጥ አስገቡና በሙሉ ጉልበታችሁ ሳቡት። እኔ ሁለት ጊዜ ሾልኮብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሞርሳው ላይ ነው፣ መንገድ ላይ አይደለም። በብሎን የሚታሰር ራስ ደግሞ ቤት ለመድረስ ብቻ ነው፣ ለመኖሪያ አይሆንም።

ካምቢዮው በኩል

የኔ ትልቁ ጥፋት የተገኘው እዚህ ነው። በኮማንዶ ካምቢዮ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ካለው ክብ ክዳን ጀርባ አንድ አጭር ክንድ አለ። ካቮው ክንዱን ይስባል። ክንዱ አንድ የብረት ኳስ ይገፋል፤ ኳሱ ረጅሙን ዘንግ ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ይከፍታል። ክንዱን የያዘው አካል በአንድ ክብ ዳዶ ታስሯል። ዳዶው ሲጠብቅ አካሉን አብሮ ማዞር ይወዳል። የኔው ዞሮ ነበር። ስለዚህ ካቮው ቀጥ ብሎ መሳብ ሲገባው በጎን ታጥፎ የቀዳዳውን ጠርዝ እየቦረሸ ይሄድ ነበር። ዳዶውን ፈትቼ ክንዱን ከካቮው መስመር ጋር አስተካከልኩ፤ በአንድ እጅ አካሉን ይዤ በሌላው አጠበቅኩ። ካቮውን መልሼ ሊቨሩን ስይዝ ሌላ ሞተር የያዝኩ መሰለኝ።

በሌሎች ሞተሮች ክንዱ ውጭ ነው፣ ለማየትም ይቀላል። ፍሪሲዮኑ ሲከፈት፣ ማለትም ጉልበት በሚበዛበት ሰዓት፣ ክንዱና ካቮው የማዕዘን ቅርጽ፣ ወደ 90 ዲግሪ፣ መሥራት አለባቸው። ክንዱ ወደ ካቮው በጣም ካዘነበለ ጉልበታችሁ ግማሹ ክንዱን ከማዞር ይልቅ ወደ ጎን ይጎትተዋል።

ሬጂስትሮ

ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ሥሩት። መጀመሪያ ሊቨሩ ጋ ያለውን የካቮ ሬጂስትሮ ሙሉ በሙሉ አላሉት። በኮማንዶና ትራይምፍ በተባሉት ሌሎች የእንግሊዝ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ የውስጡ ሬጂስትሮ ብሎን በፍሪሲዮኑ መሃል ነው፤ በግራ በኩል ካለው የካቴና ሽፋን መክፈቻ ይገኛል። ዳዶውን አላሉ፣ ብሎኑን ዘንጉን እስኪነካ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ያህል መልሱ። የሞተራችሁ ማንዋል ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ብሎኑ እንዳይዞር ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ቀጥሎ የካቮውን ሬጂስትሮ አውጡና ሊቨሩ ሥር 3 ሚሊሜትር ያህል ልልነት ይቅር።

ልልነቱን ለማጥፋት አትሞክሩ። ካልቀረ ዘንጉ ሁልጊዜ ይገፋል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ሲሞቅም ልኩ ስለሚቀያየር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና እዩት። ለኮማንዶ ባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። በሥራው መሃል ካቮው ብዙ ከላላ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ክንድ ከቦታው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ምንም ብታጠብቁ ልኩ አይመጣም። ክዳኑን ከፍታችሁ በጣት አንሱት።

ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ሞላ ትራይምፍ ካላችሁ ደግሞ ይህን ፈትሹ። ሞተሩን አጥፉ፣ የፍሪሲዮኑን ሽፋን አውልቁ፣ ሊቨሩን ይዛችሁ የማስነሻውን ፔዳል ቀስ ብላችሁ ግፉ። ዲስኮቹን የሚጫነው ስፒንጂዲስኮ ሳይወዛወዝ መዞር አለበት። አንድ ወገን ወደ ውጭ ብቅ የሚል ከሆነ የዚያን ወገን ዳዶ ትንሽ አጥብቁ። ቀጥ ብሎ የሚከፈት ፍሪሲዮን ብዙ ጉዞ አይፈልግም። አጭሩን ሊቨር መግጠም የምትችሉትም ያኔ ነው።

ሌሎቹ ትናንሽ ሊቨሮች

ከፍሪሲዮኑ ሌላ የድሮ ሞተር መሪ ላይ ሌሎችም አሉ። የአየር ሊቨር በአማል ካርቦራቶር ላይ ካቮው ሲሳብ ይከፍታል፣ ሲላላ ይዘጋል፤ በብርድ ለማስነሳት ዝጉት። የማኛቶ (የብልጭታ ማመንጫው) ሊቨር በአንዳንዱ ሲሳብ ብልጭታውን ያስቀድማል፣ በአንዳንዱ ያዘገያል፤ አትገምቱ፣ ማኛቶው ላይ ሆናችሁ እዩ። የጭስ ቫልቭ ማንሻ ሊቨር ምንጊዜም ልልነት ይኑረው፤ ካልሆነ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። እነዚህ ሁሉ በመሃላቸው ባለ የሞላ ሮንዴላ ስለሚያዙ በቆሙበት መቆየት አለባቸው፤ በንዝረት የሚንሸራተት ከሆነ የመሃሉን ብሎን ትንሽ አጥብቁ።

የድሮ ሃርሊ የያዛችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ። በትልልቆቹ ላይ እስከ 1952 ድረስ ፍሪሲዮኑ በእግር፣ ማርሹ በእጅ ነበር። የእጅ ፍሪሲዮን ሲመጣ ሰው እንዳይከብደው ፋብሪካው ራሱ አንድ ትልቅ ረዳት ሞላ ጨመረለት፤ ባለቤቶቹ «የአይጥ ወጥመድ» ይሉታል። ካቮው መጀመሪያ ከተስተካከለ በኋላ ነው እሱ የሚስተካከለው።

ሁሉንም ስትጨርሱ ሞተሩን አስነሱ፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ) ይሥራ፣ ፍሪሲዮኑን ያዙና ሦስት ድረስ ቁጠሩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ቀላል «ጠቅ» ብቻ ከተሰማ ተከፍቷል። ወደፊት የሚጎትታችሁ ከሆነ ወደ ውስጠኛው ሬጂስትሮ ተመለሱ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ አስተካክሉት፤ አዲስ ካቮ ይረግባል።

ሌላ ካቮ ሠርታችሁ ከሆነ ደግሞ ቤት አታስቀምጡት። በሚሠራው ካቮ ጎን በዚያው መንገድ አሳልፉት፣ ሁለቱንም ጫፎች በላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩ። የኔ አሁን እንደዚያ ታስሮ ይጓዛል። አንዱ ከተበጠሰ ታንክ ማውለቅ ሳያስፈልገኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሁለት ጫፍ ብቻ እቀይራለሁ።